የአሥራ አንዱ አይጦች ዘር

ብርኖ፣ ቼክ ሪፐብሊክ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ ለአቶ ደግሰው፣
ዝቋላ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እርስዎ፣ እትዬ ጥሩሐረግ፣ ልጆቹ፣ ፍየሎቹም ጭምር እንደምን ከረማችሁ? ክረምቱ ደህና ዘነበ? ማሽላው ያዘ? እኔ በጸሎታችሁ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ግን ከአሁኑ ጀምሮናል።

ስልክ ወደ እናንተ አልገባ ካለ ይኸው ስንት ጊዜው። ይህን ደብዳቤ የላክሁት በሰቆጣው ሚፍታሕ ስልክ ነው። በፎቶ ኮፒ ቤቱ አትሞ ወደ ዝቋላ ለሚወርድ ሰው እንደሚሰጥልኝ ቃል ገብቶልኛል። እርስዎም መልሱን ለእሱ ቢሰዱለት ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል።

እዚህ ምን እንደምሠራ በደንብ ነግሬዎት አላውቅም። «ከአይጥ ጋር ነው የምትውለው» ብላችሁ መሳቃችሁን ሰምቻለሁ። እውነት ነው። በ2010 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ሚላዳ ዝቋላ ስትመጣ እርስዎ መንገድ መሪ፣ እኔ ተማሪ አስተርጓሚ ነበርን። ያኔ የያዙላት አሥራ አንድ የድንጋይ አይጦች፣ እነዚያ የጀርባቸው ጠጉር እሾህ የሚመስለው፣ ትዝ ይሉዎታል? ዛሬ ዘራቸው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነው፤ አሥራ ሁለተኛው ትውልድ ላይ ደርሰናል። የማበላቸው፣ የማጠጣቸው፣ ሳጥናቸውን የምጠርገው፣ ማን ከማን እንደተወለደ በመዝገብ የምጽፈው እኔ ነኝ። የምበላው እንጀራ የእነሱ ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደሚደከምላቸው ልንገርዎ። አይጧ በማደንዘዣ ተኝታ ጆሮዋ ላይ ምስር የምታሾልክ ቀዳዳ ይበሳል። ሌላ አይጥ ቢሆን ቀዳዳው ዕድሜ ልክ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። የእኛዎቹ ላይ ግን በየቀኑ እያየሁት ይጠብባል። በሁለት ወር ውስጥ ቆዳው፣ ውስጡ ያለው ለስላሳ አጥንት፣ ጠጉሩ ሳይቀር ተመልሶ ጆሮው እንደ ተፈጠረ ይሆናል። የትኛው ጆሮ እንደተበሳ መዝገብ ካላየሁ አላውቅም። ስድስት ዓመት አይቼው ዛሬም ይገርመኛል፤ ሳላስበው የማማትብበት ቀን አለ። የተቃጠለ ሰው፣ የቆሰለ ሰው ያለ ጠባሳ ይድን ዘንድ ምስጢሩን ነው የምንፈልገው። ገና አላገኘነውም።

አሁን ግን ችግር ላይ ነን። ዘመድ ከዘመድ እየተጋቡ ደክመዋል። ሦስት የምትወልደው አሁን አንድ ትወልዳለች፣ እሱም ብዙ ጊዜ አያድግም። አዲስ ደም እንዲገባ ብለን ዓምና በመዝገባችን ከተጻፈው ቦታ፣ ከጥቁር ድንጋይ ኮረብታ፣ ሌሎች ሰዎች ስድስት አይጥ ይዘው ላኩልን። ዓይን አይለያቸውም። ከእኛዎቹ ጋር ተዳቅለው የተወለዱት ወንዶች ግን እንደ በቅሎ መካን ሆኑ። ቢመረመሩ ዘራቸው ሌላ ነው። ፕሮፌሰሯ «የአንድ ኮረብታ አይጥ እንዴት ሁለት ዘር ይሆናል?» እያለች ትጠይቀኛለች። በኮረብታው በየትኛው ወገን፣ በየትኛው ድንጋይ ሥር እንደያዟቸው አስታውሰው ይጻፉልኝ። እስከ ሰኔ መጨረሻ አዲስ ደም ካልተገኘ የእርባታው ክፍል ይዘጋል፤ የእኔም ሥራ አብሮ ያበቃል።

የሚያስፈልግዎትን ሳይደብቁ ይጻፉልኝ። እትዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ።

የእርስዎው ልጅ፣
ይታየሽ ምንዋጋው


ዝቋላ
ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለይታየሽ፣

አባቶቻችንን በበረሃ የመራ አምላክ አንቺንም በሰው አገር ይምራሽ፤ ከብርድም ከክፉ ሰውም ይሰውርሽ። እኛ ሁላችን አለን። ማሽላው ግማሹ ለወፍ ግማሹ ለእኛ ሆኗል። ፍየሎቹ ስለጠየቅሻቸው ደስ ብሏቸዋል።

ደብዳቤሽ በአሥራ ዘጠኝ ቀኑ ደረሰኝ። ሚፍታሕ ፊደሉን እንደ ጤፍ አሳንሶ ነው ያተመው፤ ወረቀት ሲቆጥብ መሰለኝ። ያነበብሁት በጥሩሐረግ መነጽር ነው። እሷ ደግሞ መነጽሯን ያዋሰችኝ ጮክ ብዬ ላነብላት ተስማምተን ነው። እንግዲህ የሚያስፈልግህን ጻፍ ካልሽኝ፣ የራሴ መነጽር ያስፈልገኛል።

የጆሮውን ነገር ሦስት ጊዜ አነበብሁት። እኔ ፍጥረት እያደነቅሁ የኖርሁ ሰው ነኝ፣ ግን ሁልጊዜ የማየው ወደ ላይ፣ ወደ ሰማዩ ነበር። እግሬ ሥር ሽው የምትለዋ ፍጥረት ይህን ያህል ነገር ተሸክማ እንደምትሮጥ ማን አሰበ? ማሽላዬን ስትበላብኝ ስንቴ ድንጋይ ወርውሬባታለሁ! ከደብዳቤሽ ወዲህ እጄ አልነሣ ብሏል። ጥሩሐረግ «ደግሞ አይጥ ቀለብ ይሰፈርላት ጀመር» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። እኔ ማታ ማታ ሳስበው ሰውነቴን ይወርረኛል። ይህን ጥበብ ለሰው ነፍጎ ለእሷ የሰጠበትን ምክንያት እሱ ባለቤቱ ያውቃል።

ቦታውን ስለጠየቅሽኝ፣ ያው በመዝገባችሁ እንዳለው ነው። ጥቁር ድንጋይ ነው። የቱ ወገን እንደሆነ ግን ሰባት ዓመት አልፎታል፤ ሰው ይረሳል። እኔም አርጅቻለሁ።

ደከሙ ካልሽ ምግባቸውን ተመልከቺ። የለመዱትን ያላገኘ ፍጥረት አይበረታም። ማሽላ ስጫቸው። ሰምም ይወዳሉ። የጧፍ ፍርፋሪ ካገኙ ሌላውን ሁሉ ትተው እሱን ነው የሚቀረጥፉት፤ ንጹሕ የንብ ሰም ፈልገሽ ጥቂት ጣል አድርጊላቸው።

እናትሽ ደህና ናት። ጻፊልኝ።

አጎትሽ ደግሰው


ብርኖ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፣

ጤናና ሰላም ከነቤተሰብዎ ይብዛልዎ። ጉልበትዎን አሁንም ያምምዎታል? ስልክ በሚገባበት ጊዜ እናቴ ስትነግረኝ በቅዳሴ ሰዓት ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንደሚያስቀድሱ ሰምቼ አዝኜ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ለሚመለስ ሰው መነጽሩን ሰጥቼዋለሁ፤ ሚፍታሕ ጋ ይደርስልዎታል። ሁለት ነው የላክሁት፤ አንዱ እስኪጠፋብዎ።

ለሚላዳ ደብዳቤዎን ተርጉሜ አነበብሁላት። ስለ ድንጋይ ውርወራው ስትሰማ ሳቀች፣ ከዚያ «ሰውነቴን ይወርረኛል» ያሉትን አስደገመችኝ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ቆይታለች፤ እሷንም አሁንም እንደሚወርራት ነገረችኝ።

አጎቴ፣ እርስዎ ከማንም በላይ የሚያውቁት ነገር ላይ ነው የተቸገርሁት። በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሐረግ እንዲቆጥሩ የሚጠሩት እርስዎ ነዎት። ሰባት ቤት ካልራቁ አይጋቡም ብለው ስንቱን እጮኛ አስለቅሰዋል! እዚህ ያንን የእርስዎን ሥራ የምሠራው እኔ ነኝ። ወንዱን ከሳጥን ሳጥን በተራ አዛውራለሁ፣ ወንድም ከእህት እንዳይገናኝ መዝገቡን አገላብጣለሁ። ግን ከአሥራ አንድ ተነስቶ ሰባት ቤት የሚርቅ ከየት ይመጣል? ሁሉም የሁሉም ዘመድ ሆነዋል። ባለፈው ሳምንት አንዷ ሁለት ወልዳ ሁለቱም በማግስቱ ሞቱ። በመዳፌ ይዣቸው ቆየሁ፤ ምንም የጎደላቸው አይመስሉም ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ እባክዎ አይቀየሙኝ። የጧፍ ፍርፋሪ ይወዳሉ ብለውኛል። ጥቁር ድንጋይ ላይ ቤት የለም፣ ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ቀፎም የለም። እዚያ ሰም ከየት መጣ?

መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ይታየሽ


ዝቋላ
የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይታየሽ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። መልሴ መዘግየቱን አውቃለሁ። በመንገዱም በሚፍታሕም አላሳብብም። ደብዳቤሽ በጥር አጋማሽ ደርሶኛል። አንብቤ አጥፌ ዳዊቴ ውስጥ አስገባሁት፤ ዳዊት በደገምሁ ቁጥር ጭኔ ላይ ይወድቅብኛል። ይህን ወረቀት ራሴ ሰቆጣ ድረስ ይዤ እወጣለሁ። ሚፍታሕ ፊቱን አዙሮ ፎቶ እንዲያነሣው ነው የምለምነው።

ትዝ ይልሽ እንደሆነ ሚላዳ ጥቁር ድንጋይ ላይ አምስት ቀን ወጥመድ ዘርግታ አንዲት የድንጋይ አይጥ አልገባችላትም። እንሽላሊት ብቻ። ያንን ሁሉ አገር አቋርጣ መጥታ፣ ቤቴ አድራ፣ ማዕዴን ቀምሳ፣ ባዶ እጇን ልትመለስ ሆነ። የአንቺም ፊት ጠቁሮ ነበር። ከቤቴ እንግዳ ባዶ እጁን ወጥቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ የት እንዳሉ አውቃለሁ። ያኔ የዋሻ ማርያም ቁልፍ ያዥ እኔ ነበርሁ። ከመቅደሱ ኋላ ዓለቱ በተሰነጠቀበት፣ የጧፍ ፍርፋሪ በሚጠራቀምበት፣ በቀን እንኳ ሲርመሰመሱ አያቸው ነበር።

ከሠርክ ጸሎት በኋላ ሰዉ ሲበተን የቆርቆሮ ወጥመዶቹን እዚያ ደረደርኋቸው። ጠዋት ብመጣ አሥራ አንድ ገብተዋል። ለሚላዳ «ከጥቁር ድንጋይ ከጀርባው ወገን ነው» አልኋት። አንቺ ተረጎምሽ፣ እሷ ጻፈች። ውሸቱ የእኔ ነው። አፍሽን ተዋስሁት እንጂ አንቺ የለሽበትም።

የዋሻዋን ግዝት ከልጅነትሽ ሰምተሻል። ከግቢዋ እንጨት የሰበረ፣ ድንጋይ ያነሣ፣ ነፍስ ያለው ያወጣ የተወገዘ ነው። ለእንግዳዬ ብዬ ነው ያደረግሁት፣ ግዝቱ ግን ለእንግዳ ሲባል ይፈቀዳል የሚል የለበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥጋ ወደሙ አልተቀበልሁም። ቁልፉንም በሰበብ አስረከብሁ። ለጥሩሐረግ ጉልበቴ መቆም አቃተው አልኋት። ጉልበቴ ምንም የለበትም ይታየሽ። ያቺ ሴት ሰባት ዓመት ሙሉ የማያመኝን ጉልበት በቅቤ ስታሸኝ ኖራለች።

ደብዳቤሽ እስኪመጣ ድረስ አይጥ ናት፣ ምን አላት እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር። አንቺ ደግሞ ምን እንደሆነች ነገርሽኝ።

ለሚላዳ መንገሩን ለአንቺ ትቼዋለሁ። ከእንግዲህ ምንም አትላኪልኝ። መነጽሩ ደርሶኛል፤ አጥርቶ ያሳያል።

ደግሰው


ብርኖ
መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አጎቴ፣

የዋሻዋ እመቤት ልብዎን ታሳርፍልዎ። ሚፍታሕ በእውነት ፊቱን አዙሮ ነው ያነሣው። መጀመሪያ የደረሰኝ የባንኮኒው ፎቶ ነው፣ ሁለተኛው የራሱ አውራ ጣት። በሦስተኛው ደብዳቤው ተገኘ።

አልዋሽዎትም፣ መጀመሪያ ተናደድሁ። ሥራዬ ሁሉ የቆመበት መዝገብ የመጀመሪያ መስመሩ ውሸት ሆነ፣ ያውም በራሴ አፍ የተተረጎመ። በማግስቱ ሳጥን እየጠረግሁ አለቀስሁ። ከዚያ ደግሞ ያ ጉልበት ትዝ ሲለኝ ሳቅሁ። ከሁሉም በኋላ የቀረው ሌላ ስሜት ነው። እነዚህ ነፍሶች ከመቅደስ ኋላ መምጣታቸውን ካወቅሁ ወዲህ ክፍሉ ስገባ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ያየሁት ነገር ከየት እንደመጣ የተነገረኝ መስሎኛል። ሳይንሱ እንዲህ እንደማይል አውቃለሁ፤ ለእርስዎ ግን የሚሰማኝን ልጻፍ።

ለሚላዳ ነገርኋት። መዝገቡን አውጥታ የመጀመሪያውን መስመር በቀይ ሰረዘችው። ፈቃድ ለሰጠን መሥሪያ ቤትም ጻፍን። መልሳቸው አጭር ነው። ቦታው የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ፣ የዋሻ ማርያም ሰበካ ጉባኤ ፈቅጃለሁ ብሎ በማኅተም ካልጻፈ ያሉትን ማቆየትም ሆነ አዲስ መውሰድ አይቻልም።

አጎቴ፣ ይህ ማለት እኛ እንድንተርፍ እርስዎ በሰው ፊት ይቁሙ ማለት ነው። ይህን የሚጠይቅ ልጅ መሆኔ ያሳፍረኛል። እምቢ ቢሉኝ አልቀየምም፤ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። ለማንኛውም የአንዲት አይጥ ጆሮ በተበሳበት ቀንና በሁለት ወሩ የተነሣ ፎቶ ልኬያለሁ፤ ሚፍታሕ በቀለም እንዲያትመው ለምኜዋለሁ። ይህን ግን ፊቱን ሳያዞር።

ይታየሽ


ዝቋላ
ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይታየሽ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ብቻሽን እንዳልፈሰክሽ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከሆሣዕና በፊት ለንስሐ አባቴ ለአባ ወልደ ኢየሱስ ነገርኋቸው። ሰባት ዓመት የተሸከምሁትን አንድ በአንድ ስዘረግፍ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፣ ከዚያ «አይጥ?» አሉኝ። «አዎ አባ።» «አይጥ?» አሁንም አዎ አልሁ። የጆሮውን ፎቶ ሳሳያቸው ግን ከመቀመጫቸው ተነሡ። ወደ ብርሃኑ ይዘውት ወጡ፣ አገላብጠው ከጀርባውም አዩት። «የተበሳው የታለ?» አሉኝ። የለም አልኋቸው። ለጉባኤው መቅረብ እንዳለበት እሳቸው ናቸው የወሰኑት።

ከትናንት ወዲያ በጉባኤው ፊት ቆምሁ። ስለ ራሴ የሆነውን ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ። ብቻ የማውቃቸው ሰዎች ዓይናቸውን ከእኔ አሽሽተው መሬት መሬት ሲያዩ ማየት ከባድ ነው። ጥሩሐረግም የሰማችው እዚያው ከሰው ጋር ተቀምጣ ነው። እስካሁን አላናገረችኝም።

ጸሐፊያችን ገብረ ሊባኖስ ነገር ሳያጣራ የማያልፍ ሰው ነው። «ከዚህ ከወጡት ዘር ስንቱ ሞተ? ስንቱስ አለ?» አለኝ። እኔም «ይቆስላሉ፣ ይድናሉ» አልሁ። «ከዳኑ በኋላስ?» አለኝ። «የወንድሜን ልጅ ጽፌ እጠይቃለሁ» አልሁ። የማላውቀውን ምን ልበል? እማሆይ ወለተ ሐና፣ ዋሻዋን የሚጠርጉት መነኩሲት፣ «ሲበሱ ያማቸዋል?» ብለው ጠየቁ።

ከዳኑ በኋላስ ይታየሽ? ጉባኤው ይህን ሳይሰማ ማኅተሙን አያነሣም። እኔ የደበቅሁትን አውጥቻለሁ፤ ካንቺ የምፈልገው ቁጥሩን ነው።

ደግሰው


ብርኖ
ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ደግሰው፣ በእርስዎም በኩል ለዋሻ ማርያም ሰበካ ጉባኤ፣

እግዚአብሔር ጉባኤያችሁን ይባርክ። አባቶችና እናቶች ከተቀመጡበት ሆኜ እንደምናገር ቆጥራችሁ ስሙኝ።

ከዳኑ በኋላ ይገደላሉ። ቆዳው እንዴት እንደተመለሰ በማይክሮስኮፕ ለማየት ሌላ መንገድ የለንም። ሲበሱ በማደንዘዣ ተኝተው ነው፤ ሲሞቱም ተኝተው ነው። ሲነቁ ግን ሕመም የለም ብዬ አልምልም፤ ማስታገሻ እንሰጣቸዋለን፣ ቀኑን ሙሉ እናያቸዋለን።

ከአሥራ አንዱ ጀምሮ የሞቱት አንድ ሺህ አራት መቶ ስድስት ናቸው። በዕድሜና በበሽታ የሞቱት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣ የቀሩት በእኛ እጅ ነው። ከእነዚያ ውስጥ ሁለት መቶ ያህሉ በእኔ በራሴ እጅ ነው። ዛሬ ያሉት አንድ መቶ ሰማንያ ስምንት ናቸው። ክፍሉ ይዘጋል ብዬ ለአጎቴ ስጽፍ፣ ይዘጋል ማለት እነዚህም ይገደላሉ ማለት እንደሆነ አውቄ ነው ቃሉን ያለሰለስሁት።

እያንዳንዷ ቁጥርና የልደት ቀን አላት፤ አንዷም ሳትጻፍ አልሞተችም። የሰው ቁስል ያለ ጠባሳ ይድናል ብዬ ቃል መግባት አልችልም። እኔ በዕድሜዬ ላላየው እችላለሁ። የምችለው ያየሁትን መናገር ነው፤ የጠፋ አካል ከምንም ሲመለስ አይቻለሁ፣ አንድ ቀን እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አምናለሁ። ይህን ሁሉ ሰምታችሁ አይሆንም ካላችሁ፣ ልክ ናችሁ ብዬ እቀበላለሁ።

አጎቴ፣ እርስዎንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጆሮውን ብቻ ነበር የነገርሁዎት።

ይታየሽ ምንዋጋው


ዝቋላ
ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለይታየሽ፣

የሰማይና የምድር ጌታ እጅሽን ይባርክ፤ ባረከውም መሰለኝ።

ደብዳቤሽን በጉባኤው ፊት ያነበብሁት እኔ ነኝ፣ በላክሽው መነጽር። አንድ ሺህ አራት መቶ ስድስት ስል ሰዉ ተንሾካሾከ። «በእኔ በራሴ እጅ» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ለገብረ ሊባኖስ ሰጠሁት፣ ተቀብሎ ጨረሰው። እኔ አለቀ ብዬ ነበር።

እማሆይ ወለተ ሐና ናቸው የተነሡት። «እኔ ዋሻዋን ስጠርግ አርባ ዓመቴ ነው» አሉ። «ድመት ጀርባዋን የላጠቻት አንዲት ነበረች። ሥጋዋ ታይቶ ነበር። በፍልሰታ ነው። ለመስቀል ሳያት ጠጉር ለብሳ ትሮጣለች። ወለተ ሐና ጾሙ አናውዟት አይጥ ታያለች ትሉኛላችሁ ብዬ ዝም አልሁ። እሱ የሚሠራውን በዚያች ብቻ ሊያሳየኝ ይሆን እያልሁ ስንት ዓመት ለብቻዬ ሳደንቅ ኖርሁ።» እንባቸው ወረደ። «ደግሰው ሰርቆ ባያወጣቸው እኔ ከእነምስጢሬ በሞትሁ ነበር፤ ሰርቆ ማውጣቱ ግን ኃጢአት ነው» ብለው ተቀመጡ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ።

ከዚያ ስለ አዲሱ ደም ጠየቁኝ። ሰባት ቤት ብዬ ስጀምር ሁሉም ገባቸው። ከዚህ ወዲያ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ሐረግ የማይቆጥር ማን አለ?

ውሳኔው እንዲህ ነው። ያሉት ይቆዩ። አምስት ሴትና ሁለት ወንድ ይጨመር፣ ከዚያ በላይ ወደፊትም የለም። በየዓመቱ በዋሻዋ ንግሥ ቀን የሞተውና ያለው ቁጥር በሕዝብ ፊት እንዲነበብ በደብዳቤ ትልኪያለሽ፤ እንደ አሁኑ፣ ሳታለሰልሺ። ማኅተሙ አርፏል፤ ወረቀቱ ከዚህ ጋር ነው።

ለእኔ አርባ ቀን ስግደት ተሰጠኝ። ወጥመዱን ሌሎች ዘረጉ፤ እኔ ከዋሻዋ በር እንዳላልፍ ታዝዣለሁ። ሰባቱን አባ ወልደ ኢየሱስ ራሳቸው በር ላይ አስረከቡኝ። «ያንጊዜ በስውር ያወጣኸውን ዛሬ ሰው እያየህ አውጣው» አሉኝ። ሳጥኑን በትከሻዬ ይዤ በገበያ ቀን፣ በገበያው መካከል አለፍሁ። ሰቆጣ እስክደርስ ሁለት ቀን ነው። በየማረፊያው ክዳኑን ገለጥ አድርጌ አየኋቸው። ጆሯቸው በብርሃን ውስጡ ሲታይ እንዴት ስስ ነው! የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በመኪና ተረከቡኝ።

ስግደቱ ሲፈጸም ከጥሩሐረግ ጋር እቆርባለሁ። ትናንት «ጉልበትህ ለስግደቱ ይችላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሚያዝያ ወዲህ የተናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። ይችላል አልኋት። ማማሰያውን አነሣችብኝ።

እንግዲህ ዘራቸው አንድ መሆን አለመሆኑ ካንቺ ይሰማል። በከንቱ እንዳልወጡ ጻፊልኝ።

አጎትሽ ደግሰው


ብርኖ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣ ለእትዬ ጥሩሐረግ፣ ለአባ ወልደ ኢየሱስ፣ ለእማሆይ ወለተ ሐና፣ በዋሻዋ ጥላ ሥር ላላችሁ ሁሉ፣

ሰላማችሁ ይብዛ። ብዙ ቆየሁባችሁ። ሰባቱ ነሐሴ ላይ ገቡ፣ ሕጉ ነውና ሁለት ወር ለብቻቸው ተለይተው ተቀመጡ። የዘር ምርመራው ከእኛዎቹ ጋር አንድ ናቸው አለ። እኛ ግን በወረቀት አላመንንም፤ እንዲወልዱ ጠበቅን።

የዘንድሮውን ቁጥር አስቀድሜ ልጻፍ። ካለፈው ደብዳቤዬ ወዲህ ሰማንያ አንድ ሞተዋል፤ ስልሳ ሁለቱ በእኛ እጅ። የተወለዱና ያደጉ ሠላሳ አራት ናቸው፤ ከሰባቱ ጋር እስከ ትናንት አንድ መቶ አርባ ስምንት ነበሩ።

ዛሬ ጠዋት ከዋሻዋ ከመጡት የአንዷ ምጧ መጣ። የተቀመጠችው ከእኛው ወንድና እዚሁ ከተወለደች አንዲት አሮጊት ሴት አይጥ ጋር ነው። ሁለቱ ሴቶች ብዙ ትውልድ ተራርቀዋል፤ አንዷ ዓለት እንጂ ሳጥን አታውቅም ነበር፣ ሌላዋ ዓለት አይታ አታውቅም። ትነክሳት ይሆን ብዬ ሳጥኑን ለመክፈት እጄን አዘጋጀሁ። አሮጊቷ ተጠግታ ከኋላዋ ቆመች። የመጀመሪያው ብቅ ሲል በአፏ ተቀበለችው፣ እትብቱን ቆረጠችለት፣ ላሰችው፣ ወደ እናቱ ገፋ አደረገችው። ከዚያ ተመልሳ ሁለተኛውን ጠበቀች። አዋላጅ መሆናቸውን አውቅ ነበር፣ ለእንግዳ ግን እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ አልጠበቅሁም። ለአሮጊቷ ግን እንግዳም አልመሰለቻት።

ሦስት ወለደች። በዚህ ክፍል ሦስት ከተወለደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሦስቱም ጠጉራቸውን ለብሰው፣ ዓይናቸውን ከፍተው ነው የመጡት። ሳይውሉ ሳያድሩ እናታቸውን ተከትለው ይሮጣሉ። አንድ መቶ ሃምሳ አንድ ብዬ ጻፍሁ።

በክፍሉ ውስጥ ጮክ ማለት ክልክል ነው። የደነገጠች እናት ልጆቿን ትጥላለች። ሚላዳና እኔ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ አፋችንን በሌላው እጃችን ይዘን ቆምን። እልልታው ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነው የመለስሁት። እባካችሁ፣ ይህ ደብዳቤ የደረሰ ዕለት እዚያ በዋሻዋ በር ላይ ሆናችሁ ስለ እኔ እልል በሉልኝ።

ልጃችሁ ይታየሽ